የቡላዋ በግ ጆሮ

አዲስ አበባ
ኅዳር 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌታነሽ፤ ቀየት

ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ከጠበል መልስ ትንሽ ተሽሎኛል ብለሽኝ ነበር። ልጆችሽ ጽናትና ታናሿስ? አባወራሽ ጋሼ ወዳጆ አጨዳው ገና አላለቀላቸውም ይሆናል። እኔ ደኅና ነኝ፤ ያጣሁት እንቅልፍ ብቻ ነው፣ እሱም ፊልሙ እስኪወጣ ነው። በሾፌሩ በፈንታ እጅ የላክሽው በሶ ደርሶኛል፤ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሳላየው ግማሹን ጨረሱት። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሥር ቀን የዘገየሁት ተቆጥቼ ስለነበር ነው፤ አሁን በርዶልኛል።

ሞላሌ ላለው ለናሲር ቪዲዮ ቤት ቅጂውን ስልክለት "መጀመሪያ እህቴ ትየው" ያልኩት ደስ እንዲልሽ ነበር። አንቺ ግን ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ሥራ አይተሽ የጻፍሽልኝ አንድ መስመር ነው፦ በጎቹ ውሃ የሚወርዱበትን ቦታ ቁረጠው። ለምን እንደሆነ የለም። ታላቅህ ስለሆንኩ እሺ በለኝ፣ ብቻ። እትዬ፣ እሺ ልልሽ አልችልም። የማልችልበትን ምክንያት ስነግርሽ ትስቂብኝ ይሆናል እንጂ አትቀየሚኝም።

ታሪኩን አይተሻል። ባለበጉ ጎረቤቱን ገድሎ ውሃ መውረጃው መንገድ ላይ ቀብሮታል፤ አገሩ ሁሉ ግን ሟቹ ቆላ ወርዶ ቀረ ብሎ ነው የሚያምነው። ተመልካቹ እውነቱን የሚያውቀው በመጨረሻ ነው። ታዲያ መጨረሻ ላይ ድንገት ተነሥቼ "ገዳዩ ይሄ ነው" ብል ተመልካቹን ማታለል ይሆንብኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፍንጭ ማስቀመጥ አለብኝ። ፍንጭ ደግሞ አስቸጋሪ ነገር ነው። ካልታየ ፍንጭ አይደለም፤ ልብ ከተባለም አበቃለት። ዓይን ፊት ተቀምጦ ሰው ሳያስተውለው ማለፍ አለበት። እኔ ባለበጉን በጎቹን እየነዳ ሲወርድ አንዲት ቁርበት የምታክል መሬት ጋ ሲደርስ ዞሮ እንዲያልፍ አደረግሁት። በጎቹ ይረግጧታል፤ እሱ አይረግጣትም። ይህ ቶሎ እንዳይታወቅብኝ ስል መንጋ ሞላሁበት፣ ፀሐዩን ከጀርባቸው አደረግሁ፣ አቧራውን አስነሣሁ። ሰው በጎቹን ሲያይ እግሩ ያመልጠዋል። እዚህ ለሠላሳ ሰው አሳይተነው አንድም የነቃ አልነበረም፤ "በጎቹ ሲያምሩ" ሲሉ ነበር። ሲያልቅ ነው "ለካ" ያሉት። ያቺን "ለካ" ለማግኘት ነው ሁለት ዓመት የሠራሁት።

ያ ቦታ ከወጣ መጨረሻው ከሰማይ የወደቀ ይሆናል። ናሲር ፊልሙን ጥር 13፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ የአገራችን ልጅ ሥራ ብሎ ሞላሌ ላይ ሊያሳየው ነው። ሙሉውን ያሳየው። አንቺም መጥተሽ ከፊት ተቀመጪ።

ወንድምሽ በዕውቀቱ

* * *

ቀየት
ኅዳር 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበዕውቀቱ

እኛ ደኅና ነን። ጉልበቴም ይሄዳል፤ ባይሄድስ ማን ይሸከመኛል። ልጆቹ ሰላም ይሉሃል። ጋሼህን ጠይቀሃል፤ ገብሱን ከምሮ ጨርሷል፣ "ደብዳቤ አበዛሽ" እስኪል ድረስ ደኅና ነው።

ቁጣህን ወድጄልሃለሁ፤ አባታችንን መስለሃል። ስለ ፍንጭ የጻፍከውንም ተምሬበታለሁ። አንድ ነገር ግን ዘንግተሃል፤ ያሳየኸው ለአዲስ አበባ ሰው ነው። የአዲስ አበባ ሰው በግ ሲያይ የሚታየው ዐውደ ዓመት ነው። የእኛ ሰው ግን ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንዲሉ በግ እያለ ሰው አያይም። መንጋ ሲያልፍ ቀለሙን ያያል፣ ላቱን ያያል፣ ከሁሉ በፊት ጆሮዋን ያያል። የማን እንደሆነች ሳያውቅ አንዷንም አያሳልፍ። አንተ ሰውየውን በበጎቹ ሸፈንኸው፤ በጎቹን በምን ልትሸፍናቸው ነው?

ናሲር ፊልሙን ከፈተልኝና ቀትር ላይ ለሶላት ወጣ። ብቻዬን ነው ያየሁት። እሱ ወደኋላ መመለሻውን አሳይቶኝ ስለነበር ያቺን ቦታ መልሼ መልሼ አየኋት። ሲመጣ "ወደድሽው ወይ፣ እትዬ ጌታነሽ?" አለኝ፤ ወደድሁት አልኩት። ወደ ቀየት ስመለስ መንገዱን እንዴት እንደመጣሁት አላውቅም።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ከፊት ስትቆጥር አራተኛዋን እያት፣ ቡላዋን። ማን ነው ያመጣት? ቦታው የት ነው? ስትቀርጹ እኔ ጠበል ስለነበርኩ አላየሁም፤ ስመለስም ማንም ምንም አልነገረኝ። በስልክ እንዳትመልስልኝ። የቴሌው ልጅ የሰማውን ለገበያ ነው የሚያውለው። ጻፍልኝ፣ በፈንታ እጅ ስደደው፣ ለእኔ ለራሴ ስጥ በለው።

እህትህ ጌታነሽ

* * *

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌታነሽ

ሰላምታዬን እንደ ብዙ ቁጠሪልኝ፤ ዛሬ ለማስረዘም ልቤ አልሆነም።

ምስሉን አቁሜ አየሁት። አራት ሰከንድ ያህል ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ትመጣለች፣ ሁለቱም ጆሮዎቿ ጥርት ብለው ይታያሉ። የግራው ጫፍ እንደ መንሽ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ የቀኙ ሥሩ ላይ ተበስቷል። ይህን ምስል እኔ ብቻዬን ሁለት መቶ ጊዜ ሳላየው አልቀርም። ካሜራ ያነሣው አይቶታል፣ ድምፅ የሠራው አይቶታል፣ ገንዘብ ያወጣው ሰውዬ አይቶታል። ጆሮ እንዳላት ያየ የለም። እኔ ያስቀመጥኩትን ፍንጭ ስጠብቅ ማንም ያላስቀመጠው አጠገቡ ቆሞ ኖሯል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ቦታው ጊሼ ነው፣ ከራቤል በላይ ያለው ሜዳ። በጉን የሰበሰቡልን ጋሼ ወዳጆ ናቸው። ከዚያው ካሉ ገበሬዎች ተከራይተን አነሰብኝ፤ ጨምሩልኝ ስላቸው "ለዘመድ ለርቢ የሰጠኋቸው ጥቂት አሉኝ" ብለው አምስት አመጡ። ቡላዋ ከእነሱ አንዷ ናት። ከኋላ ይሁኑ ብለው ነበር። ወደ ፊት ያስመጣኋት እኔ ነኝ፤ ያ ቀለም ፀሐይ ሲመታው ያምራል ብዬ። እሳቸውም "ይሄ ነገር የሚታየው አዲስ አበባ ነው አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ያኔ አገር ቤት መታየቱን አላሰብኩም ነበር። እንዲያ ሲጠይቁኝ ያፈሩ መስሎኝ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው የሰው ፊት እንዲህ ሲሆን ፊልም ላይ ባየው ኖሮ ወዲያው እነቃ ነበር።

ምልክቱ የማን ነው? እኔ ከአገር የወጣሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ የበግ ጆሮ ማንበብ ረስቻለሁ። የገመትኩት አለ፣ ግን ከአንቺ ካልሰማሁት አላምነውም። ናሲር የመጨረሻውን ቅጂ ሊወስድ ታኅሣሥ 25 ይመጣል። እስከዚያ እውነቱን ካልነገርሽኝ ምንም አልቆርጥም።

በዕውቀቱ

* * *

ቀየት
ታኅሣሥ 11 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለበዕውቀቱ

ይህን የምጽፈው ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ሥራዬ ላይ ሆኜ ነው። ቤት ውስጥ መጻፍ ትቻለሁ። አንብበህ ቅደደው።

ምልክቱ የእትዬ ጥሩሸዋ ነው፤ የወንዝ ማዶዋ፣ ባሏ የሞተባት። በ97 ሚያዝያ አምስት እርጉዝ በጎቿ ከበረት ወጥተው ቀሩ። ሌላ ከብት አልነበራትም። አገሩ ተቆጥቶ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ሜዳ ወንድ የተባለ አልተነሣም፤ እኛ ሴቶቹ ስንቅ እናመላልስ ነበር። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፤ ሽማግሎቹ በምስጢር የሚመርጡት ወፍ አለ፣ ያየውንና የሰማውን በጆሯቸው ይነግራል፣ ማን እንደነበር ግን ለማንም አይወጣም። በሦስተኛው ቀን ወፍ ጫኔን ጠራ። በጎቹን ሲነዳ ታይቷል ተባለ።

ጫኔ አልሰረቅሁም ብሎ ጸና፣ አልክስም አለ። ከእድርም ከማኅበርም ወጣ። እናቱ አምና ጥር መጨረሻ ላይ ሲሞቱ የቀበሯቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ራሱ ጫኔ ነው። እኛም አልሄድንም። ከዚያ ወዲያ ቤቱን ዘግቶ መርሐቤቴ ቆላ ወርዶ በቀን ሥራ ይኖራል።

ወፉን ማንም አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ባሌ ነው። "ሽማግሎቹ አምነው መረጡኝ" ብሎ ያን ሰሞን ነግሮኛል። እኔም ኮርቼበት ነበር፣ እንዲህ የሚታመን ባል አለኝ ብዬ።

እንግዲህ ገባህ። እትዬ ጥሩሸዋን ናሲር ጋብዟታል፤ የበዕውቀቱ ፊልም ሲታይ ከፊት ካልተቀመጥኩ ትላለች። ያቺን ጆሮ በገዛ እጇ የሰነጠቀቻት ናት፣ ከልጇ ፊት አስበልጣ ታውቃታለች። በዓይኗ በብረቷ እያየችው ነው የሚያልፈው?

ስለዚህ ቁረጠው። ስለ ጫኔ ልትለኝ ያሰብከውን አትበለኝ፤ ቀን ከሌት ለራሴ እለዋለሁ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። የሌባ ልጆች ተብለው ከማን ጎን ይቀመጣሉ፣ ማንስ ያገባቸዋል? እኔንስ ማን ያምነኛል? ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ነው የሚሉት። ወዳጆ ትናንት ፈንታን መንገድ ላይ አስቁሞ "ለሚስቴ የምታመጣው ደብዳቤ በዛ" ብሎታል። አስሬ አልለምንህም፣ ይህ የመጨረሻዬ ነው። እናታችን ስትሞት እጄ ላይ የጣለችህ ትንሽ ነበርክ፤ ሳሳድግህ አንዲት ነገር ጠይቄህ አላውቅም። አሁን ጠየቅሁህ።

ጌታነሽ

* * *

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌታነሽ

ቆርጬዋለሁ። በመጀመሪያ ይህን እወቂ፣ ልብሽ ይረፍ።

እንዴት አደረግኸው እንዳትዪኝ፣ ራሴ ልንገርሽ። ከዚያ በፊት ያለውን የተራራ ምስል ትንሽ አስረዘምኩ። ተራራው ላይ እያለን የወንዙን ድምፅ ቀድሜ አስገባሁ። ዓይን ነገር ሲጎድልበት ጆሮን ካስቀደምሽለት አይሰማውም። በጎቹ ሲወርዱ አይታዩም፤ ሰው ድምፃቸውን ይሰማና ወርደዋል ብሎ ይቀበላል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እንኳ አላወቀም። ለባለገንዘቡ "ፊልሙ ስለረዘመ ነው" አልኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ እኔን ገና አልቀለለኝም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍሬአለሁ። ፊልሙ ስለተበላሸ አይደለም፤ እሱን እችለዋለሁ። ያፈርኩት ሥራው ስላማረልኝ ነው። ቆርጬ ስጨርስ መልሼ አየሁትና "ጎበዝ፣ አይታወቅም" ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። ከዚያ ጫኔ ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤት ስንሄድ ወንዙ ሲሞላ እኛን ትንንሾቹን አንድ በአንድ በትከሻው ያሻግረን ነበር። ጫማዬን በጥርሱ ይዞልኝ ተሻግሯል።

አሁን የት ነው? መርሐቤቴ ውስጥ የት? በሌላ መንገድ ልንረዳው እንችላለን ወይ? ብር ብልክለት ከማን ነው ብዬ እልካለሁ? መልሺልኝ። ቅጂው ተዘጋጅቷል፤ ናሲር ሲመጣ አስረክበዋለሁ።

ወንድምሽ

* * *

ቀየት
ታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለበዕውቀቱ

ደብዳቤህ አልደረሰኝም፤ ምን እንዳደረግህ ሳላውቅ ነው የምጽፍልህ። ካልቆረጥኸው ተወው። ከቆረጥኸው መልሰው። ተሳስቼ ነበር።

ማክሰኞ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ በሩ ላይ ሰው ቆመ። ጫኔ ነው። ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ግማሽ ሆኗል። ለሰው ማመልከቻ እንደምጽፍ ታውቃለህ፤ ሊያጽፈኝ ነው የመጣው። ለሽማግሎች ነው፤ የእናቱ ሙት ዓመት ጥር 26 ነው፣ ሰው እንዲገኝላቸው ሊለምን። ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩለት። እሱ ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ። "እኔ በጎቹን ያልሰረቅሁ ስሆን" በዪ አለኝ። ጻፍኩ። "ብሰርቅ እንኳ እናቴ አልሰረቁም" በዪ አለኝ። ጻፍኩ። "እኔን መጥላታችሁን አትተዉ፣ ለእሳቸው ግን ኑላቸው" በዪ አለኝ። እዚህ ላይ እጄ ቆመ። "ምነው፣ ቀለሙ አለቀ?" ብሎ በአዘኔታ አየኝ። የሚያዝንልኝ እሱ ነው። ሲጨርስ አንብቢልኝ አለና በገዛ አፌ አነበብኩለት።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ ወዳጆ "ያ ሌባ መጥቷል አሉ" አለ። በጽናት ፊት ነው ያለው። ቁራሹን አጥቅሶ፣ አጉርሷት፣ "ከሌባ ራቂ ልጄ" አላት። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ከእሱ ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖሬአለሁ፤ እንዲህ አስፈርቶኝ አያውቅም። ልጆቼን ከሌባ ልጅነት አድናለሁ ስል ይህን ሊያስተምራቸው ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ቤት ነቅዟል።

ፊልሙ ሙሉውን ይታይ። እትዬ ጥሩሸዋ በጓን ትያት። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን እችለዋለሁ።

ጌታነሽ

* * *

አዲስ አበባ
ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌታነሽ

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ታኅሣሥ 28 ነው። ናሲር የተቆረጠውን ይዞ ከወጣ ሦስት ቀን ሆኖታል። እስከ ዛሬ መልስ ያልጻፍኩት መንገድ ጠፍቶ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ሁሉንም ልንገርሽ። ቅጂው ሄዷል፣ አልፎብናል ስል እፎይ አልኩ። የቆረጥኩት ለአንቺ ብዬ ነው ብዬሽ ነበር፣ ለራሴም ነው። የተሰረቀ በግ ያስቀረጽኩት እኔ፣ ወደ ፊት ያስመጣኋት እኔ፤ ነገሩ ከወጣ "አማች ለአማች ተባብረው" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የመጀመሪያ ፊልሜ ነው። ይህን አምስት ቀን ሳላምጥ ቆይቼ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጋዜጣ የተጠቀለለ ሲዲ አለ። ሙሉው ነው፣ በጎቹ አሉበት። ፈንታ በእጅሽ ይሰጥሻል። ከእሑዱ በፊት ይደርስሻል። ለናሲር ብትሰጪው የሚታየው ይህ ነው፤ ብታቃጥዪው ሌላው ይታያል። የትኛው ልክ እንደሆነ ልነግርሽ አቅም የለኝም፣ መብትም የለኝም። ብቻ በዚያን ቀን ከወዳጆ አጠገብ አትቀመጪ። ከሴቶቹ ጋር ሁኚ። እኔም ልምጣ ወይ? ና ካልሽኝ በቅዳሜው አውቶቡስ እነሣለሁ።

በዕውቀቱ

* * *

ቀየት
ጥር 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበዕውቀቱ

ና ብዬ ሳልመልስልህ ቀረሁ፤ አትቀየመኝ። ብትመጣ አንተን እያየሁ ወኔዬ ይሄድ ነበር።

ሰዎች እንዴት እንደነገሩህ አላውቅም፣ ከእኔ ስማው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ጢም አለ። ወንዱ በአንድ ወገን፣ እኛ በአንድ ወገን። ወዳጆ ከሽማግሎቹ ኋላ ተቀምጧል። እትዬ ጥሩሸዋ ከፊት፣ ነጠላዋን አጥባ። ናሲር በሩ ላይ "ወንድምሽ ሌላ ቅጂ ልኳል አለኝ ፈንታ፣ የቱን ላድርገው?" አለኝ። ሲዲው ዘንቢሌ ውስጥ ነው፣ እጄም ዘንቢሉ ውስጥ ነው። "ያንተውን አድርግ" አልኩት።

እንዲያ ያደረግሁበትን ምክንያት አንተ ብቻ ብትረዳኝ ይበቃኛል። ሙሉውን ብሰጠው የበግ ጆሮ ይነግርልኛል፣ እኔ ከሰው ጋር እንደ ደነገጥኩ ሆኜ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ተደብቆ መናገር ማለት ይኸው ነው። ወዳጆ ሜዳው ላይ ያደረገውን እኔ ደግሞ ቪዲዮ ቤት ላደርገው አልወደድሁም።

ፊልምህ አልተወደደም፣ ልዋሽህ አልችልም። ሲያልቅ ሽማግሎቹ ተቆጡ። "ሰውየው ገዳይ መሆኑን በምን እናውቃለን? ዝም ብሎ ማመን ነው?" አሉ። አንዱ "ይሄ ልጅ ደኅና ተምሮ መጨረሻውን ቸኮለበት" አለ። ቤቱ ሲንጫጫ ተነሣሁ። ያልኩት ብዙ አይደለም። የእትዬ ጥሩሸዋ በጎች ራቤል ናቸው፣ የወሰዳቸው ባሌ ነው፣ ጫኔን የጠራውም እሱ ነው አልኩ። ወዳጆ አልካደም። ተነሣና ጋቢውን አስተካከለ፣ የሚወጣ መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁለት፣ መልሶ ተቀመጠ። እትዬ ጥሩሸዋ አላለቀሰችም። "ስንቷ ቀርታለች?" ብቻ አለችኝ። በማግስቱ ሰዎች ሄደው አመጡላት፤ ሦስቱ በሕይወት አሉ፣ ግልገልም አላቸው።

ወዳጆ ጣቢያ ነው። ልጆቹስ ትለኝ ይሆናል። ታናሿ አልገባትም። ጽናት አታናግረኝም፤ ውሃ ስሰጣት ትጠጣለች፣ ዓይኔን አታይም። ከሥራዬ አላባረሩኝም። ጎረቤቶቼ ግማሾቹ ደግ አደረግሽ ይሉኛል፣ ግማሾቹ የባሏን ገመና ያወጣች ብለው ሰላምታ ትተዋል። ይህን አውቄ ነው የገባሁበት፣ አላማርርም።

ሌላ የምነግርህ አለ። ለአንተም ያልነገርኩህ ነው።

ትናንት ጫኔ ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም። አላመሰገነኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። "አውጫጭኙ ላይ ስንቅ ይዘሽ ስትመጪ ከእናቴ ጎን ትቀመጪ ነበር። ያኔ ታውቂ ነበር?" አለኝ።

በ97 ክረምት ወዳጆ አንድ ጆንያ የበግ ፀጉር ይዞ መጣ፤ ሞላሌ ገበያ ገዛሁት አለ። ቡላ ነው። እኛ ቤት ቡላ በግ ኖሮ አያውቅም። የገበያ ፀጉር የብዙ ሰው በግ ስለሆነ ቅልቅል ነው፤ ይህ ግን ከአንድ በረት የወጣ እንደሆነ እጄ ያውቀዋል፣ ሃያ ዓመት ስፈትል ኖሬአለሁ። ክረምቱን ሙሉ ፈተልኩት። አንድ ቀን እንኳ የማን በግ ነው አላልኩትም። ባና አሠራሁት፣ ልጆቹ ይለብሱታል። ለአንተ ፊልሙን አይቼ ያወቅሁ አስመስዬ ጻፍኩልህ። ፊልሙን ሳይ የደነገጥኩት ስላወቅሁ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሊያውቅ ነው ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።

አውጫጭኙ ላይ አላውቅም ነበር ብዬ ብመልስለት እውነት ነው፣ ፀጉሩ የመጣው በኋላ ነው። ያንን ይዤ ላመልጥ እችል ነበር። ግን እናቱ ሲቀበሩ አውቅ ነበር። እሱ ቤቱን ዘግቶ ሲወርድ አውቅ ነበር።

"አውቅ ነበር" አልኩት።

ፊቱን ላየው አልቻልኩም፣ እግሩን ነው ያየሁት። ከዚያ "ሙት ዓመቱ ቅዳሜ ነው" አለና ወጣ። ነይ ማለቱ ይሁን አትምጪ ማለቱ አልገባኝም። የድርሻዬን ዳቦ እጋግራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ተሸክሜ እሄዳለሁ፤ ከበር ቢመልሱኝ እመለሳለሁ።

እህትህ ጌታነሽ